የአርባ ዶማ ዕዳ

በ2008 ዓ.ም. በልግ አልዘነበም። ከዚያ በፊት የነበረው ክረምትም ሁለት ሳምንት ዘንቦ ቆሟል። ሐረር ዙሪያ ባለችው ሶፊ ወረዳ ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ገበሬው አገዳውን አጭዶ ለከብት ሰጠ። አገዳው ሲያልቅ ከብቱን ሸጠ። በመጋቢት በሬ በፍየል ዋጋ ሄደ፤ በሚያዝያ ገዢም ጠፋ። ጫት ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ድርቅ ይችላል ይባል ነበር። እሱም ቅጠሉን አራገፈ።

ግንቦት ሲገባ የቡርቃ ጃርቲ ሰዎች ወደ ሐረር የሚሄደውን የውሃ መስመር ዘጉ።

ቡርቃ ጃርቲ ሶፊ ውስጥ ያለች የስልሳ ቤት መንደር ናት። ስሟ የባልቴቷ ምንጭ ማለት ነው፤ ምንጩ ግን ከደረቀ ቆይቷል። ከመንደሩ በታች ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ታሽጓል፤ ውሃው የሚወጣው በቧንቧ ብቻ ነው። ቧንቧው ከመስጊዱ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ አልፎ ወደ ከተማ ይወጣል፤ የፈላና በርን ሰፈር የሚያጠጣው እሱ ነው። መንደሩ ራሱ ቧንቧ የለውም። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ሄደው ሁለት ሰዓት ይመለሳሉ። በ1999ም ዘግተው ነበር፤ ቧንቧውን የዘረጉት ሰዎች «ለእናንተም አንድ ቦኖ እንተክላለን» ብለው አስከፈቷቸው። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። መንደርተኛው የቫልቩን መዘውር ነቅሎ በሽማግሌው በአው ዓብዱላሂ ቤት አስቀመጠው። መዘውር የሌለውን ቫልቭ በባዶ እጅ የሚያዞረው የለም።

ከተማው የመጀመሪያውን ሳምንት ተሰለፈ። በሁለተኛው ተሳደበ። በሦስተኛው ከግንቡ ሥር ካለው ኩሬ ቀዳ። በአራተኛው አተት ገባ። ጤና ጣቢያው አልጋም ኪኒንም ነበረው፤ እጅ የሚታጠቡበት ውሃ ግን አልነበረውም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ አንድ አሮጌ ኤንትሬ ቦቴ ከፈላና በር ተነሣ። ታንከሩ ባዶ ስለነበር በየጉድጓዱ ላይ እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከኋላው አንድ አይሱዙ ይከተለዋል። አይሱዙው ላይ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ቆመዋል፤ ወንድም ሴትም አለበት፤ ሁሉም ዶማ ይዟል። ግማሹ ዶማ የተለመነ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የኮንስትራክሽን።

ቦቴውን የሚነዳው ዘውዴ ነው። ሰፈሩ ሃምሳ አለቃ ይለዋል። ሃምሳ አለቃነቱን ያገኘው በኦጋዴን ጦርነት ነው፤ ጦሩ ሲበተን ማዕረጉ ብቻ ቀረለት። ስልሳ ዓመቱ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሲነዳ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። በዚያ ጠዋት ግን ግንቡን ዞረው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አየት አደረገና፣

«ያኔ ዝጉ ያልከው አንተ ነህ አሉ» አለው።

«እኔ ነኝ፣ ሃምሳ አለቃ።»

«አሁን ክፈቱ ልትል ነው።»

«አፌ ከተፈታልኝ።»

ሰውየው ዘከሪያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቡርቃ ጃርቲ ተወልዶ በሃያ ሁለት ዓመቱ ወደ ከተማ ገባ። መጀመሪያ በጀርባው ውሃ ተሸከመ፤ ከዚያ በጋሪ ገፋ፤ አሁን ፈላና በር ላይ ጀሪካንና ባልዲ ይሸጣል። የሰፈሩን የቦኖ ሰልፍ ተራ የሚይዘውም እሱ ነው። ማንም አልሾመውም። ሰው ተጣልቶ ደም ሲፋሰስ አንድ ቀን ጠመኔ አነሣና መሬት ላይ ቁጥር ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ተራው የእሱ ሆነ።

«አፍህን ማን አሰረው?»

«ጉዛ።»

ዘውዴ ሐረርጌ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ጉዛ ምን እንደሆነ ያውቃል። ገበሬው ብቻውን የማይወጣው ሥራ ሲገጥመው ጎረቤቱን ይጠራል። የተጠራው ዶማውን ይዞ ይመጣል፣ አንድ ቀን ይሠራል፣ በልቶ ይሄዳል። ጠሪው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀን ዕዳ ይገባል። ሰውየው በተራው ሲጠራው ይሄዳል፤ ቀኑ ሲመለስ ባለቤቱ ዶማውን ከእጁ ተቀብሎ «ወጥተሃል» ይለዋል። ከዕዳ ወጥተሃል ማለቱ ነው፤ በዚያ ያልቃል።

ዘከሪያ በ1999 አባቱ ሲሞት አንድ ተዳፋት ወረሰ። እርከን እንዲሠራለት ጉዛ ጠራ። አርባ ሰው መጣ፤ በአንድ ቀን ጨረሱት። በሦስተኛው ሳምንት የዓመቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎርፍ መጥቶ እርከኑን ጠርጎ ወሰደው። ዘከሪያ ለአንድ ወቅት ብሎ ከተማ ገባ። አልተመለሰም። አርባ ቀን ዕዳ እንደያዘ ቀረ። በመንደሩ ሕግ ጉዛ በልቶ ያልመለሰ ሰው በሾላው ሥር በሚደረግ ጉባኤ አይናገርም። አፉ ታሰረ ይባላል።

«አንድ ጊዜ ብር ልኬ ነበር» አለ ዘከሪያ። «የያዘውን ሰው ከነብሩ መለሱት። ጉዛ በብር አይከፈልም አሉ።»

«እኔ ብሆን ኖሮ» አለ ዘውዴ ማርሽ እየቀየረ፣ «አሥር ወታደር ይበቃ ነበር። በአንድ ሰዓት ይከፈታል።»

«በሁለተኛው ሰዓት ቧንቧውን ይቆርጡታል።»

«ይጠበቃላ።»

«ሃያ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ስንት ወታደር አለዎት?»

ዘውዴ መሪውን ከአንድ ጉድጓድ አዞረ። ከዚያ፣

«ምን ለወጠህ? ደልቶህ ነው?» አለ።

ዘከሪያ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳቀ።

«ሲደላኝ አይተዋል? ያኔ ሾላው ሥር ቆሜ ከተማ አፍ ብቻ ነው አልኳቸው። ሆድም ልብም የለው፣ አፍ ብቻ፣ እንዝጋው አልኩ። ከተማን አንድ ሰው አድርጌ ነበር የማየው፤ አንድ ወፍራም ሰው። ከዚያ ገባሁና ውሃ ተሸከምኩ። ውሃ የሚሸከም ሰው የሁሉን ቤት ጓዳ ያያል። ጣሪያቸው ላይ ሁለት ሮቶ የሰቀሉ አሉ፤ ለአንድ ወር ቧንቧ ቢዘጋ አይሰሙም። አንድ ጀሪካን ለሦስት ቀን የሚያደርሱ አሉ። እኛ ስንዘጋ ያኛው ቤት አልሰማም። የሰማው ይኼኛው ነው። ወላሂ፣ ሃምሳ አለቃ፣ የጠላቴን አንገት ያነቅኩ መስሎኝ የያዝኩት የአክስቴን ነበር።»

«እና መንደሩ ተሳሳተ ነው የምትለው።»

«አልልም። ቦኖ ይገባቸዋል። ያኔም ይገባቸው ነበር፣ አሁንም ይገባቸዋል። የተሳሳትነው የምናንቀውን ሰው ነው።»

 ጠጠሩ መንገድ ተጀመረ። ሁለቱም ጎን የማሽላው ማሳ ቢጫ ነው። አንድ ግመል መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ጥሩምባ ቢነፋለትም አልተንቀሳቀሰም። ዘከሪያ ወርዶ ገፋው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ድንጋይና እሾህ ተከምሯል። ከድንጋዩ በላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች ቆመዋል። መሐላቸው ያለው ረጅሙ የዘከሪያ የአጎት ልጅ ነስሮ ነው። ዘከሪያ ሲሄድ ነስሮ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ዘንድሮ መዘውሩን የነቀለው እሱ ነው።

«አህለን፣ ከተሜው» አለ ነስሮ። «ጫማህን አቧራ እንዳይነካብህ ተሸክመን እናሳልፍህ?»

«ጫማዬ ከፈረስ መጋላ ገበያ የተገዛ ልባሽ ነው፣ አትጨነቅ።»

«ውሃ ልትለምን መጣህ?»

«ዕዳ ልከፍል ነው የመጣሁት።»

ነስሮ ዶማ የያዙትን ሰዎች ባየ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። ሴቶቹን አየ። መነጽር ያደረገውን ሰውዬ አየ።

«ከተማ አፍ ብቻ ነው» አለ ጮክ ብሎ፤ የሚናገረው ለጓደኞቹ ነው። «ሆድም ልብም የለው፣ አፍ ብቻ። ይኼን ያለን ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘከሪያ። «ቃል በቃል ይዘኸዋል፣ ማሻአላህ። አሁን አው ዓብዱላሂን ጥራልኝ።»

አው ዓብዱላሂ ሳይጠሩ መጡ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፤ ከዘራቸውን የሚይዙት ሊመረኮዙበት ሳይሆን ሊጠቁሙበት ነው። ዘከሪያ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። እሳቸው ፊቱን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ከሳህ» አሉ።

«ደህና ነኝ፣ አው።»

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ጉዛዬን ልመልስ ነው። አርባ ሰው ሠርቶልኛል። ብቻዬን አርባ ቀን ብመጣ ሰፈሬ ያልቃል። አርባ ሆነን በአንድ ቀን ልንመልስ መጣን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላቸው የመንደሩ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል።

«ጉዛ የቤት ዕዳ ነው» አሉ። «ሰውየው ካልቻለ ወንድሙ ይመጣል፤ ሚስቱ ትመጣለች፤ ልጁ ይመጣል። ቅጥር ሰው አይመጣም። ዘጠኝ ዓመት ከተማ ብትቀመጥ ይኼንንም ረሳህ?»

ዘከሪያ ደነገጠ። ዘውዴ ከቦቴው ወርዶ ጎማው አጠገብ ቆሞ ያየው ነበር። ሰውየው ሁሉን አስቦ ነበር፤ ዶማ ለምኗል፣ መኪና ለምኗል፣ ሰው በየቤቱ ዞሮ ለምኗል። ይህን ግን አላሰበም። ከተማ ውስጥ ሰው ሰውን ይተካል። እዚህ አይተካም።

«ቅጥር አይደሉም» አለ ዘከሪያ በመጨረሻ።

«ዘመዶችህ ናቸው?»

ዘከሪያ መዋሸት አልፈለገም።

አንዲት ሴት ከአይሱዙው ወርዳ ወደ ፊት መጣች። ዘነበች ትባላለች፤ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራዋለች።

«አባቴ፣ እኔ ልናገር» አለች። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ትውልዴ አርሲ ነው። እሱን የወለደው ሌላ ነው፣ እኔን ሌላ። ግን የምንጠጣው ከአንድ ቦኖ ነው። ሁላችንም፣ እዚህ ያለነው። ቅጥር ግን አይደለንም። ልጄ ሃና ከሰኞ ጀምሮ አልጋ ላይ ናት፤ በጉሉኮስ ነው ያለችው። እሷን ለእህቴ ትቼ ነው የመጣሁት። ለገንዘብ ብሎ እንዲህ የሚያደርግ አለ?»

 አው ዓብዱላሂ ከዘራቸውን ወደ መነጽራሙ ጠቆሙ።

«አንተስ ማነህ?»

«ኤርሚያስ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ።»

«ከዚህ ልጅ ጋር ምን ያገናኝሃል?»

መምህሩ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ።

«ሳይዘጋም ቢሆን ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ያውም ሰው ሲተኛ። መጀመሪያ የሰማ ሌላውን ያንኳኳል። እኔ እንቅልፌ ከባድ ነው። የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።»

«ውሃ መጣ ብሎ የማይቀሰቅስ ሰው አለ?»

«አለ፤ በርሜሉን ሞልቶ ዝም የሚል።»

«እዚህም አለ» አሉ ሽማግሌው፤ ከኋላቸው የተወሰኑ ሰዎች ሳቁ። አንድ ሰውዬ አልሳቀም፤ ሌሎቹ ወደ እሱ ዞረው እንደገና ሳቁ።

አው ዓብዱላሂ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገለል ብለው ተነጋገሩ። ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ እንዲህ አሉ፦

«በአባቶቻችን ጊዜ ከአንድ እንስራ የሚጠጣ አንድ ቤት ነው ይባል ነበር። ቦኖ እንስራ ነው ወይስ አይደለም፣ ይኼን ያየ አባት የለንም። እኛ እንስራ ነው ብለናል። ግን በአንድ ላይ አትቆፍሩም። ዕዳው የአርባ ቤት ነው። እያንዳንዱ ሰው ወደ አንድ ቤት ይሄዳል፤ ባለቤቱ የሚያሳየውን ይሠራል፤ ባለቤቱ ካልረካ ዶማውን አይቀበልም። አንድ ቤት ከቀረ ሁሉም ቀረ።»

«ደግ» አለ ዘከሪያ።

«ቁጠሩ» አሉ ሽማግሌው።

ነስሮ ቆጠረ፤ ደስ እያለው ነው የቆጠረው። ከዘከሪያ ጋር ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። አንደኛው ሰው ማታ አተት ይዞት ቀርቷል፤ የአይሱዙው ሹፌር ደግሞ የሌላ ሰፈር ሰው ነው።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለ ነስሮ። «አንድ ቤት ቀረ።»

 ዘውዴ ጎማው ላይ ያሳረፈውን እግሩን አነሣ። ዶማ ከጨበጠ አርባ ዓመት ሆኖታል። ወታደር ሆኖ ምሽግ ቆፍሯል፤ ያ ግን በአካፋ ነው፣ ለራስም ነው። ወደ አይሱዙው ሄዶ ትርፍ የነበረውን የሰውየውን ዶማ አወረደ።

«የምኖረው ፈላና በር ነው» አለ። «ከዚያው ቦኖ እጠጣለሁ።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ሹፌር ነዎት» አለ ዘከሪያ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል። የት ነው የምሄደው?»

አው ዓብዱላሂ በከዘራቸው ወደ ራሳቸው ደረት ጠቆሙ።

የሽማግሌው ማሳ የደረቀ የጫት እርከን ነበር። ዘውዴ በመጀመሪያው ሰዓት እጁ አበጠ። በሁለተኛው ወገቡ ተያዘ። አው ዓብዱላሂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። አንዳንዴ «ጠለቅ አድርገው» ይላሉ፤ ሌላ አይናገሩም። ከታች በየማሳው አንድ አንድ ሰው ይታያል። መምህሩ ዶማውን ከፍ አድርጎ ሲያነሣ አጠገቡ ያሉት ሁለት ሴቶች እየሳቁ ይሸሻሉ። ዘነበች ግን ቆፍራ የምታውቅ ናት፤ አፈሩን በሁለት ምት ትገለብጠዋለች።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን አዛን ተሰማ። ሽማግሌው ዘውዴን ወደ ቤት ይዘውት ገቡ። ጥላው ውስጥ አንድ እንስራ አለ፤ አጠገቡ የቲማቲም ድልህ ጣሳ። አው ዓብዱላሂ በጣሳው ግማሽ ቀዱ። በእሱ ብቻ እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን ታጠቡ። አንድም ጠብታ መሬት ላይ በከንቱ አልወደቀም። ከዚያ ጣሳውን ሙሉ ቀድተው ለዘውዴ ሰጡት።

«ይኼ በዛ» አለ ዘውዴ።

«ሠራተኛ ነህ። ጠጣ።»

ጠጣ። መዘውሩ ግድግዳው ላይ በጠፍር ተሰቅሏል። ሁለት ሰሓን የሚያህል ክብ ብረት ነው። ዘውዴ ጠዋት አሥር ወታደር ያለውን አስታወሰ። አሥር ወታደር ይህን ከግድግዳው ለማውረድ አንድ ደቂቃም አይፈጅበትም ነበር።

ንፍሮና ሆጃ መጣ። ሆጃው የቡና ገለባ ነው፤ ወተት ስለሌለው ጥቁር ነበር።

«ወታደር ነበርህ» አሉ ሽማግሌው።

«ነበርኩ።»

«መቼ ነው እዚህ አገር የመጣኸው?»

«በሰባው።»

«በዚያው በሰባው አንድ ሻለቃ ጦር በዚህ አለፈ። የከብት ገንዳችንን ጠጥቶ ጨርሶ ሄደ። ጠይቆንም አይደለም።»

ዘውዴ ንፍሮውን እያላመጠ አሰበ። ስንት መንደር አልፏል፣ ስንት ገንዳ ጠጥቷል፣ ስማቸውን አያውቅም።

«ምናልባት እኔም ነበርኩበት» አለ።

«ምናልባት።»

«ዕዳው የሁለት ሆነብኝ ማለት ነው።»

«ያኛውን በማሳዬ አትጨርሰውም» አሉ አው ዓብዱላሂ። «ብላ። ገና አልጨረስክም።»

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሾላው መምጣት ጀመሩ። ባለቤቱ ሠራተኛውን ይዞ ይመጣል። በሰው ፊት ዶማውን ይቀበላል፤ «ወጥተሃል» ይላል፤ ነስሮ ይቆጥራል። ነስሮ ሃያ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ማለት ጀመረ። መምህሩ የቆፈረላት ባለማሳ አንዲት ወጣት ናት። «ቁፋሮው የዶሮ ነው፣ ግን አልሰነፈም» ብላ ተቀበለችው። ከተማውና መንደሩ ተቀላቅሎ ተቀመጠ። ማን ከየት እንደመጣ ከልብሱ በቀር አይለይም ነበር፤ ሁሉም በአፈር ተለውሷል።

ዘከሪያ አልመጣም። እሱ የደረሰው የናፊያ ቤት ነው። ናፊያ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ባሏ ከአርባዎቹ አንዱ ነበር። ጠዋት ሌላ ሰው ሊመደብላት ሲል «አይሆንም። እሱ ራሱ» አለች። ከሁሉም የከፋውን፣ ድንጋይ ያለበትን እርከን አሳየችው። ከሾላው ሥር ጀርባው ይታያል።

ጉባኤው ያለ እሱ ተጀመረ። አፉ ታስሯልና ቢኖርም አይናገርም ነበር። ዘውዴ ነገሩ ገረመው። ሰውየው ለዚህ ሰዓት ንግግር አዘጋጅቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመደው ሰምቶታል፤ ግድግዳቸው አንድ ነው። አሁን ግን ንግግሩ በሌሎች ሰዎች አፍ እየመጣ ነው። አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ «ይቺ ሴት የነገረችኝ፣ እነሱም ሰፈር ውሃ ከመጣ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ እኛ የዘጋንባቸው ሮቶ ያላቸውን አይደለም» አለ። ሌላው፣ «የእኔ መምህር ነው፤ ደመወዙ ለውሃ ነው የሚያልቀው» አለ።

ነስሮ ተነሣ። አሁን አልጮኸም።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ። «ያሳዝናል፣ እሺ። ግን በዘጠና ዘጠኝም ከፈትን። ከፈትንና ተረሳን። ዛሬ እነዚህ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ነገ ውሃቸውን ጠጥተው ይተኛሉ። ሰው ጥም ሲቆርጥ ይረሳል። ካልሆነ ንገሩኝ፣ ከከፈትን በኋላ እኛ በእጃችን ምን ይቀራል?»

 ጥያቄው ትክክል ነበር። ዘውዴም ትክክል እንደሆነ አወቀ።

ዘነበች ተነሣች።

«እኛ እንቀራለን» አለች። «ልጄ አልጋ ላይ ስላለች አልዋሽም፤ ዛሬ ይከፈት። ማመልከቻ እንጽፋለን፤ የእናንተ ጣት የእኛም ጣት ያርፍበታል። እስከ ዛሬ እናንተ ስታመለክቱ ገበሬ ተባላችሁ፣ እኛ ስናመለክት ዘበናይ ተባልን። አንድ ወረቀት ላይ አላዩንም። አርባ ቀን ስጡን። በአርባ ቀን ለዚህ መንደር የቦኖ ቁፋሮ ካልተጀመረ፣ እኛው በዚያ መኪና መጥተን ከእናንተ ጋር እንዘጋለን። የራሳችንን ውሃ። ቫልቩ ላይ አብረን እንቀመጣለን።»

«የራሳችሁን ውሃ ትዘጋላችሁ?» አለ ነስሮ።

«አምስት ሳምንት ለምደነዋል» አለ መምህሩ ከተቀመጠበት፤ ሰው ሳቀ።

ነስሮ የከተማ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። ማንም ዓይኑን አልሰበረም። ዘውዴም አልሰበረም። ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ከዚያም ባለፈ ዛሬ ጠዋት እንኳን፣ መንግሥት የዘረጋውን ቧንቧ የሚዘጋ ሰው ወንጀለኛ ነው ይል ነበር። አሁን በልቡ ቀኑን ቆጠረ፤ ወደ ሐምሌ አጋማሽ ይሆናል። የቦቴውን ፍሬን እስከዚያ ማሠራት አለበት።

«እኔ ይበቃኛል» አለ ነስሮና ተቀመጠ።

አው ዓብዱላሂ መዘውሩን አስመጥተው ፊታቸው መሬት ላይ አኖሩት።

«ቃሉን ሰምተናል» አሉ። «አርባ ቀን። ግን ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ወጥቷል፤ አንድ ቀርቷል። ዕዳ ያለበት ሰው ያመጣውን ቃል ጉባኤው አይቀበልም። ናፊያ ከተቀበለች ይከፈታል። ካልተቀበለች ዛሬ ባዶ ቦቴ ይመለሳል።»

ሁሉም ተነሥቶ ወደ ናፊያ ማሳ ወረደ። ዘውዴ ቀድሞ ሄዶ ቦቴውን አስነሣ፤ ከቫልቩ ቀጥሎ ወዳለው መሙያ አስጠግቶ አዙሮ አቆመው። የውሃ ቱቦውን ዘርግቶ ገጠመው። ከዚያ እጁን በሱሪው ጠርጎ ተከተላቸው።

ዘከሪያ የመጨረሻውን ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ወደ እርከኑ ጫፍ እያደረሰ ነበር። ሸሚዙን አውልቋል። የሁለቱ እጆቹ መዳፍ ተልጧል፤ የዶማው እጀታ ቀልቷል። ሰውየው የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ መዘውሩን በሽማግሌው እጅ አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድንጋዩን ካኖረ በኋላ አፈሩን ደፍኖ በእግሩ ረገጠ። ከዚያ ቀና አለ።

ናፊያ ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። አጭር ናት። ከእርከኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀስ ብላ ተራመደች። በየሁለት እርምጃው ተረከዟን ተክላ ትጫናለች፤ ድንጋዩ ይነቃነቅ እንደሆነ ታያለች። አልተነቃነቀም። መሐል ላይ ቆመች።

«ለቀብሩ አልመጣህም» አለች።

«አልመጣሁም፣ አዴ ናፊያ።»

«ሰምተሃል?»

«በማግስቱ ሰምቻለሁ።»

«እና?»

ዘከሪያ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«የአንድ ቀን ዕዳ ነበረብኝ። ዕዳ ይዤ ጀናዛው ላይ ለመቆም አፈርኩ።»

«እሱ ጎርፉ እርከንህን የወሰደ ቀን ምን እንዳለ ታውቃለህ? አርባ ሰው እንደገና እንጥራለት አለ። ሊጠራህ ሲመጣ ሄደህ ነበር።»

የዘከሪያ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ዘውዴ ያን ሰው በሰልፍ መሐል ሲከራከር፣ ሲቀልድ፣ ሁለት ተጣዮችን ሲገላግል አይቶታል። ቃል ሲያጣ ያየው ዛሬ ነው።

«እኔ ዘጠኝ ዓመት የተቆጣሁት ስለ ቁፋሮው አይደለም» አለች ናፊያ። «ቁፋሮ ልጆቼም ይቆፍራሉ። በኛ አፈርክ ብዬ ነው።»

«በራሴ ነው ያፈርኩት።»

ናፊያ እንደገና እርከኑን አየችው። ከዚያ ከታች ወደ ቆሙት የከተማ ሰዎች ተመለከተች፤ ወደ ዘነበች፣ ወደ መምህሩ፣ ወደ ዘውዴ። ፀሐይ ወደ ተራራው ተጠግታለች። የቦቴው ሞተር ከታች ያጉረመርማል።  ነስሮ ገና አልቆጠረም።

ሁለት እርምጃ ወረደችና እጇን ዘረጋች። ዘከሪያ ዶማውን በሁለት እጁ ሰጣት። ከእጀታው ላይ ደሙን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ዶማውን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ወጥተሃል» አለችው።